ዋ

ካትማንዱ፣ የብርድ ወር። መብራት በፈረቃ፣
ጓሮ ጄኔሬተሩ ይስላል፣ ትንፋሽ እንዳጠረው ጠበቃ።
ቀለሙ የተላጠ ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን አሥራ አንድ ሰው፣
መንደሪን የሚልጥ አለ፣ መነጽሩን ደጋግሞ የሚያብሰው፣
የጫካ ስሙን አለ እስከ ዛሬ ያልመለሰው።
ጥግ ላይ ጁኔሊ፣ ጣቶቿን በትንፋሽ እያሞቀች፣
የሚሉትን ትጽፋለች፣ የማይሉትንም እያወቀች።

አገር ሊጻፍ ነው።
ስለ ባንዲራው በሁለት ቀን ተስማሙ፣
ስለ ክልሎቹ ስም ተካሰሱ፣ ተኳረፉ፣ ታመሙ።
ወንዙ የማን ነው ሲባል ከረመ፣ ተራራው በማን ይጠራ፤
ያን ሁሉ ዘለው ሲያበቁ ተሰናከሉ በአንዲት ፊደል፣ በ«ራ»።

«ራ» በነሱ ቋንቋ፣ እኛ «ና» የምንላት ናት፣
ሁለት ነገር አጥብቃ የምታስር እንደ መቀነት።
ዜጋ ማን ነው? ይላል አንቀጹ፤ «አባትና እናት
የአገሩ ተወላጅ የሆኑለት።»

አቶ ቹዳማኒ ቆባቸውን አስተካከሉ፣
«ድንበሩ ወንፊት ነው፤ ኧረ ቋጠር አድርጉት!» አሉ፣
«ዛሬ አማች፣ ነገ ባለርስት፣ ከነገ ወዲያ ዳኛ፣
ያን ጊዜ በዚህ አገር እንግዳው ማን ሊሆን ነው? እኛ!»

ፉልባሪ ታሩ ተነሣች፣ ከቆላ የመጣችው፦
«ግብር ስከፍል ዜጋ ነኝ፣ ሩዝ ስተክል ዜጋ ነኝ፣
ስወልድ ነው እንዴ ባዕድ የምታደርጉኝ?
«ራ»ን ፋቁልኝ፤ በቦታዋ «ዋ» ይጻፍ፣
አባት ዋ እናት፤ አንዱ ይበቃል፣ ሌላው ቢጠፋ፣ ቢከንፍ።»

«ዋ» በነሱ አፍ «ወይም» ናት፣ የዋህ መጋጠሚያ፣
በኛ አፍ ግን ማስፈራሪያ።
ክፍሉ ተንጫጫ፣ በኛ አፍ የሰማት ይመስል።

አሥራ ሰባት ሌሊት።
ጁኔሊ «ራ»ን ጻፈች፣ ሰረዘች፤ «ዋ»ን ጻፈች፣ ሰረዘች፣
ማንም አልጠየቃትም፣ እሷም አልተናገረች።

ልጅ አላት፣ ኒሽቻል። ዐሥራ ስድስት ዓመቱ።
ባሕር ማዶ ለጉልበት ሥራ ሄዶ ቀረ አባቱ፣
ስድስት ደብዳቤ ጽፎ፣ ሰባተኛውን ዝም አለ።
የወረዳው ሹም «አባቱን አምጪ» ይላታል፣
«ከየት?» ስትለው፣ «እሱን አንቺ ነሽ የምታውቂው» ይላታል።
ያለ ወረቀት ፈተና አይቀመጥም፣ መንጃ ፈቃድ አያወጣም፣
ሲም ካርድ እንኳ በስሙ አይሸጥለትም።
እዚያ መስኮት ሥር ቆሞ «እናቴ ይቻትና» ማለት፣
ግማሽ መልስ ነው፣ ግማሽ ልጅነት።

በአሥራ ስምንተኛው ሌሊት ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨረሰ፣
በሻማ ብርሃን የሁሉም ድምፅ ትንሽ ለሰለሰ።
ባለ ጫካ ስሙ ጉሮሮውን ጠረገ፦ «ዋ» ትግባ፣ አለ፣
ከሥሯ ግን አንዲት መስመር፦ «ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል» ትባል።

ፉልባሪ በሩን አየች፣
አቶ ቹዳማኒ ቁልፉን።
ተጨባበጡ። የተረፈውን መንደሪን ተካፈሉ፣
«አሸነፍን!» ሁለቱም በየልባቸው አሉ።

ጁኔሊ ጻፈች። «ዋ» ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ፣
ጥፍሯ ሥር ብርዱ ጠለቀ፣ አመመ።
ይህቺ ትንሽ ፊደል በኛ ግእዝ ብትሆን ኖሮ፣
«ልጅ» ላይ ብትለጠፍ በበቃት ነበር፦
ልጅዋ።
ማንም ምስክር አምጪ አይላትም ነበር።
ከዚያ የታችኛዋን መስመር ጻፈች፣
አንድም ፊደል ሳትሳሳት፤ ደመወዟ ነውና።

ቤት ስትገባ ነቅቷል፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ።
«አለቀ?»
«አለቀ።»
«እና?»
ጫማዋን እየፈታች፣ ቀና ሳትል፣
«ወይም» አለችው።
ሳቀ። እሷም ሳቀች።
ከሥሯ ያለውን ነገ እነግረዋለሁ ብላ
ሻማውን እፍ አለች።